የቡናችንን ዋጋ የሚቆርጠው ማነው? ነጋድራስ ገብረ ሕይወትና የኮንጋ ጥያቄ

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ጌዴኦ ዞን ወርጄ፣ ከይርጋጨፌ ከተማ ብዙም በማትርቀው ኮንጋ አድሬ ነበር። በእሸት ቡና መረከቢያው በር ላይ ጆንያ የተሸከሙ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው የሚዛኑን ቁጥር ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ “ልጄ፣ አንተ የአዲስ አበባ ሰው ነህ፤ ለመሆኑ የዚህን ቡና ዋጋ የሚቆርጠው ማነው?” ብለው ጠየቁኝ። ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ስመለስ ግን ጥያቄያቸው ከመቶ ዓመት በፊት ይህንኑ ነገር ሲያብሰለስል የኖረ አንድ ሰው አስታወሰኝ። እሱም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው።

ነጋድራስ ማን ነበር?

ስሙ እንደሚነግረን ነጋድራስ የነጋዴዎች ራስ ነው። በቀድሞው ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ሆኖ ጉዞውን ይመራል፣ የነጋዴውን ክርክር ይዳኛል፣ ለመንግሥት ቀረጥ ይሰበስባል። ንግድና ሹመት በአንድ ሰው እጅ ይገናኙ ነበር ማለት ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ያደረጉት የአዲስ አበባውን ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስን ነበር።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ግሬሻም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴም የገንዘብ ሰውም የዘውዱ ወኪልም ነበር። አንትወርፕ ተቀምጦ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ብድር ያፈላልግ ነበር። ለንደን ውስጥ ያሠራውንም የነጋዴዎች መገናኛ ቤት ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1571 መርቀውለታል። የእኛው ነጋድራስ ግን ያተረፈልን ሕንፃ ሳይሆን ሐሳብ ነው።

ከምጽዋ እስከ ድሬዳዋ

ገብረ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1886 ዓድዋ አጠገብ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ምጽዋ ወርዶ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ኦስትሪያ ውስጥ አንድ ቤተሰብ አሳደገው፤ በኋላም በርሊን ሕክምና ተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶ በአጼ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥት አገለገለ፤ ከዚያም የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። የውጭው ዕቃ የሚገባውና የአገሩ ቡና የሚወጣው በዚያ በር ስለነበር፣ የአገሪቱን ገቢና ወጪ በዓይኑ ያይ ነበር። ዕድሜ ግን አልሰጠውም፤ እ.ኤ.አ. በ1919 በ33 ዓመቱ አረፈ።

ምን አለ?

“አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ” የተሰኘው ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1912 ወጣ። “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” የታተመው ግን እሱ ካረፈ ከዓመታት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ጽሑፎቹ ግብር የተወሰነ ይሁን፣ ወታደር ከገበሬው ጎተራ ሳይሆን ከመንግሥት ደሞዝ ይብላ፣ በየመንገዱ ያለው ኬላ ይቅር ብሎ ተከራክሯል። ይህ ለጌዴኦ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የገባር ሥርዓት በዚህ ምድር ከባድ ሆኖ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገበሬው በባለርስቶቹ ላይ እስከ ማመፅ ደርሷል።

ከሁሉ የበለጠው ሐሳቡ ግን ስለ ንግድ ያለው ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው ይላል። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሚሠራውን ዕቃ፣ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ብዙ ቀን በደከመበት ምርት ይለውጣል። በገበያው ላይ ልውውጡ እኩል ቢመስልም አንደኛው ብዙ ቀን ሰጥቶ ጥቂት ቀን ይቀበላል። ስለዚህ ጥሬ ዕቃ እየሸጡ የተሠራ ዕቃ መግዛት ሕዝብን ያደኸያል ማለት ነው።

ወደ ኮንጋ ስንመለስ

እስቲ ይህን በቡና እንመልከተው። አንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ያ እሸት በእጅ ይለቀማል፣ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ቆልቶ በስኒ የሚሸጠው ግን ሌላ አገር ነው፤ የዓለም ዋጋም የሚነገረው ከኒውዮርክ ገበያ ነው። ለሽማግሌው ልሰጥ የሚገባኝ መልስ ይህ ነበር።

የተሞከረ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ተቋቁሞ የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋን በአደባባይ አሰማ። ይሁን እንጂ መጀመሪያ ላይ የየቀበሌው ቡና በአንድ ስም ስለሚጠቃለል የኮንጋ ቡና ስሙ ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 የአሠራር ለውጥ ወዲህ ቡና የመጣበትን ጣቢያ ስም ይዞ መሸጥ ተችሏል። ዛሬ “ኮንጋ” የሚለው ስም በውጭ ቡና ቤቶች ማሸጊያ ላይ ይነበባል።

ስሙ ደርሷል። ዋጋውስ? ነጋድራሱ ቢኖር ይህን ሳይጠይቅ የሚያልፍ አይመስለኝም። ስም ማስታወቂያ ነው፤ ትርፉ የሚቀረው ግን ዕውቀቱ ባለበት ነው። የሚቀምሰው፣ የሚቆላው፣ የሚያሽገውና የሚደራደረው የኮንጋ ልጅ እስካልበዛ ድረስ ሽማግሌው ነገም ሚዛኑን እያዩ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። በሚቀጥለው ለቀማ ተመልሼ ስሄድ መልሱን ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ደስ የሚያሰኝ መልስ ባይሆንም።