ማሙሽ ለምን ይቋጥራል?

በአገራችን ደጋ ክረምቱ ገብቶ ሕፃናት እሳት ዳር በሚሰበሰቡበት ወር፣ በጅቡቲ ከተማ ካምሲን የተባለው ደረቅና አሸዋማ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚወጣባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ባለፈው ሐምሌ የዓመት ዕረፍታችንን ምክንያት አድርገን፣ በዚያች ከተማ በካርቲየ ሰባት የምትኖር አንዲት ዘመዳችንን ለመጠየቅ በሄድን ጊዜ፣ ለቤተሰብ አምዳችን ርዕስ ይሆናል ብለን ያላሰብነውን ጉዳይ ይዘን ተመለስን።

ካርቲየ ሰባት በቁጥር ከሚጠሩት የከተማይቱ ሰፈሮች አንዱ ነው። ዘመዳችን የምትኖርበት ግቢ ቤቶቹ የቆርቆሮና የጣውላ ናቸው፤ ሱማልኛውም፣ ዐፋርኛውም፣ ዐረብኛውም፣ የእኛው አማርኛም በአንድ ደጃፍ ይሰማል። መጸዳጃ ቤቱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ በርካታ አባወራዎች ይጋሩታል።

የዘመዳችን ልጅ አራት ዓመቱ ነው። በደረስን በማግሥቱ ማለዳ፣ ከግድግዳው ጥግ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ፣ እግሮቹን አጣምሮ፣ ፊቱ ቀልቶ አየነው። ምን እንደሆነ ብንጠይቅ እናቱ፣ «እያማጠ ነው ወንድሜ፤ ሰገራ ካየ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው» አለችን። አባቱ በበኩሉ፣ ሱሪው ላይ ቀጭን ሰገራ በየጊዜው ስለሚገኝ፣ ነገሩ ስንፍና ነው፣ ቀበቶ ያስተካክለዋል ባይ ነበር። ሥርዓት ማስያዝ የዘወትር ተግባራችን የሆነው እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልባችን ከአባቱ ጋር ተስማምተን ነበር። ተሳስተናል።

ሕፃኑን ያየው ሐኪም በመጀመሪያ የነገረን ልጁ እያማጠ ሳይሆን አጥብቆ እየቋጠረ መሆኑን ነው። በጣት ጫፍ መቆም፣ እግርን ማጣመር፣ መቀመጫን አጥብቆ መያዝና ጥግ ፈልጎ መደበቅ ሁሉ ሰገራውን ላለማስወጣት የሚደረግ ትግል ነው። ነገሩ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን ደረቅ ሰገራ ሲያሳምመው ነው። ሕፃኑ ሕመሙን ያስታውሳል፤ በማግሥቱም ይቋጥራል። ትልቁ አንጀት ደግሞ ሰገራው በቆየ መጠን ውሃውን ይመጥጠዋልና፣ ይበልጥ ይደርቃል፣ ይበልጥም ይገዝፋል። በመጨረሻ ሲወጣ ከፊተኛው ይልቅ ያሳምማል፤ ፍርሃቱም ልክ ነበር ማለት ይሆናል። የተጠራቀመው ሲበዛ የአንጀቱ መጨረሻ ይለጠጣል፣ «ጊዜው ደርሷል» የሚለው ስሜትም ይደነዝዛል። ያን ጊዜ ቀጭኑ ሰገራ በጠጣሩ ጎንና ጎን እየሾለከ ሱሪውን ያበላሻል። አባት ስንፍና ያለው፣ ሌላውም ተቅማጥ የሚለው ይህ ነው። ልጁ ሲያመልጠው አያውቀውም፤ ባላወቀውም ይገረፋል።

የዚህ ልጅ ፍርሃት ሁለተኛ ምንጭም ነበረው። እናቱ ቀስ ብላ ስትጠይቀው፣ በዚያ በጋለ ቆርቆሮ በታጠረው ጨለማ ቤት ውስጥ ያለው ጉድጓድ «ይውጠኛል» አላት።

ሕክምናው ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያ የተጠራቀመው ይጸዳል፤ ለዚህም በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ማክሮጎል የተባለ ዱቄት ይታዘዛል፤ እርሱ ካልተገኘ ላክቱሎዝ የተባለው ሽሮፕ አለ። መጠኑ በልጁ ክብደት ስለሚወሰን ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም። ጽዳቱ ጥቂት ቀናት ይወስዳል። ሁለተኛውና ረጅሙ ምዕራፍ ሰገራው ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ መድኃኒቱን በአነስተኛ መጠን መቀጠል ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ፣ ይህ ከ2 ወር ሊያንስ አይገባም፤ ምልክቶቹ ሁሉ ጠፍተው ቢያንስ 1 ወር ሳይሞላም መድኃኒቱ አይቆምም። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ በሳምንቱ ሲሻለው ያቋርጣል፤ ሕመሙም ይመለሳል።

ውሃ፣ ፓፓያና አትክልት ለማንኛውም ልጅ ያስፈልጋሉ፤ በጅቡቲ ሙቀት በተለይ። የዘመዳችን ልጅ የሚኖረው በዳቦ፣ በሩዝና በወተት ነበርና ማዕዱ ተስተካክሏል። ሆኖም የተጠራቀመውን በውሃና በፍራፍሬ ብቻ እናጸዳለን ማለት ከንቱ ድካም ነው። ጎረቤቲቱ እማማ ሳሙና ቀርጾ በመቀመጫው ማስገባትን መክረው ነበር። ምክራቸው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ ሳሙና ስስ ገላን ያቆስላል፤ ፍርሃቱ ያለበትንም ቦታ በግድ መንካት ፍርሃቱን ያብሳል። ኮሶማ ለሕፃን አይታሰብም።

የቀረው በወላጅ እጅ ያለ ነው። እናቱ ከገበያ ፖፖ ገዛች፤ እርሱም በቤቱ ጥግ በብርሃን ተቀመጠ። ምግብ ወደ ሆድ ሲገባ አንጀት በተፈጥሮው ስለሚነቃቃ፣ ከቁርስና ከእራት በኋላ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ቢወጣም ባይወጣም ለመቀመጡ ይመሰገናል። እግሩ መሬት መርገጥ አለበት፤ በከፍተኛ መቀመጫ የሚጠቀም ልጅ ከእግሩ ሥር በርጩማ ይደረግለታል። ቀበቶውን በተመለከተ ሐኪሙ አባቱን ለብቻው ወስዶ አነጋገረው። ምን እንዳለው አልሰማንም።

ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ፦ የተነፋ ሆድ፣ ትውከት በተለይም አረንጓዴ፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል፣ በሰገራ ላይ የሚታይ ደም። ከተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራ ያላወጣ ሕፃንም መመርመር አለበት፤ የዴንማርኩ ሐኪም ሃራልድ ሂርሽፕሩንግ በ1886 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የተጠራው የአንጀት ነርቭ ጉድለት በቀዶ ሕክምና የሚድን ነውና።

በመስከረም መጨረሻ ስልክ ደውለን ነበር። በመካከሉ አንድ ሳምንት ልጁ እንደገና ቋጥሮ፣ መድኃኒቱ ከፍ ተደርጎለት፣ ተመልሶ ተስተካክሏል። ዱቄቱ ገና አልተቋረጠም። አባቱን ብንጠይቅ እናቱ ሳቀች፤ ከእራት በኋላ ከፖፖው አጠገብ በርጩማ ስቦ ተረት የሚያወራው እርሱ ነው አለችን።