የሰንበት ረፋድ ማዕድ፦ ከሜክሲኮ እስከ ማቻከል

ሜክሲካውያን በብዛት በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች ቅዳሜና እሁድ ረፋዱ ላይ የሜክሲኮ ምግብ ቤቶች ወንበር አይገኝባቸውም። አያት ከነልጅ ልጆቿ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ቤተሰብ ከነክት ልብሱ፣ ሳምንቱን በሥራ ተራርቆ የሰነበተ ወዳጅ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባል። በቲማቲምና በቃሪያ ድልህ የራሰ እንቁላል፣ ትኩስ ቶርቲያ፣ የበግ ሥጋና መረቅ ይቀርባል፤ አንዳንዱ ቤት ማሪያቺ የሚባሉትን ባለ ጊታርና ባለ መለከት ሙዚቀኞች ይጠራል። ቁርስና ምሳን ያጣመረውን ይህን ገበታ በእንግሊዝኛ ብራንች ይሉታል። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ የሩቅ አገር ቅንጦት ይመስለዋል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን ያን ማዕድ ሞቅ ያደረጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከማዕዱ በፊት ያለው ቆይታ፣ የትናንቱን እንጀራ ለዛሬ የሚያድስ ብልሃት፣ ሰው ሳይቸኩል የሚቀመጥበት ጉባኤ። ሦስቱም በጎጃሞቹ ከተሞች በአማኑኤል፣ በቢቸናና በሞጣ ከጥንት ጀምሮ አሉ። ስለዚህ የከተሞቻችን ምግብ ቤቶች የሰንበት ረፋድን ለማድመቅ ቢያስቡ ከውጭ የሚቀዱት ነገር የለም፤ መሠረቱ በሰንበቴው ቤት ተጥሏል።

መጀመሪያ የባሕር ማዶውን ታሪክ እንይ። ብራንች የሚለውን ሐሳብ በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1895 ነበር። እሁድ ረፈድ አድርጎ መብላት ሰውን ደስተኛና ተጨዋች ያደርገዋል ሲል ተከራከረ። በሜክሲኮ ገጠር ግን ይህ ልማድ የማንንም ጽሑፍ አልጠበቀም። ገበሬው ጎሕ ሲቀድ ትኩስ ነገርና ጥቂት ዳቦ ቀምሶ ወደ እርሻው ይወርዳል፤ ረፋዱ ላይ ሲመለስ እውነተኛው ምግብ ይጠብቀዋል። ዛሬ በየምግብ ቤቱ ዝርዝር ላይ የሚታየው ሁዌቮስ ራንቼሮስ፣ ማለትም በቶርቲያ ላይ ተደርጎ ድልህ የሚፈስበት እንቁላል፣ የዚያው የእርሻ ቤት የረፋድ ምግብ ነው። ባርባኮዋ የሚሉት ደግሞ የቅዳሜና የእሁድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በጉ በማጌ ተክል ቅጠል ተጠቅልሎ በጋለ ጉድጓድ ውስጥ ሌሊቱን ሲበስል ያድራል፤ ከሥሩ በተቀመጠ ድስት የሚጠራቀመው መረቅም ጠዋት ከሥጋው ጋር ይሸጣል። ሌሊት የሚበስል ምግብ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚገናኙ ሰዎችን ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው በአዘቦት ቀን እምብዛም የማይገኘው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ ላለመሆኑ የመጀመሪያው ማስረጃ ቺላኪሌስ የሚባለው ምግብ ነው፤ ለጎጃም ሰው ምንም ማብራሪያ አያሻውም። የትናንት ቶርቲያ ይቆራረስና ይጠበሳል፤ ከዚያ በትኩስ የቃሪያ ድልህ ይርሳል፤ አይብ ወይም እንቁላል ይጨመርበታል። በእኛ ጓዳ ይህ ፍርፍር ነው። ያደረ እንጀራ ተቆራርሶ በቁሌትና በበርበሬ ሲታሽ ከአዲሱ ያልተናነሰ፣ እንዲያውም ለብዙ ሰው የሚበልጥ ምግብ ይሆናል። የሁለቱ ተመሳሳይነት ምክንያት አለው። ሁለቱም ሕዝቦች እህላቸውን በስስ ቂጣ መልክ የሚበሉ፣ ቂጣውንም እንደ ማንኪያ የሚጠቀሙ ናቸው፤ ስስ ቂጣ ደግሞ ቶሎ ስለሚደርቅ ማደሻ ብልሃት ይፈልጋል። ማጣፈጫውም ቢሆን ከአንድ አገር የወጣ ነው። ቃሪያና በርበሬ፣ በቆሎና ቲማቲም በመጀመሪያ የለሙት በሜክሲኮና በአካባቢዋ ሲሆን ወደ አፍሪካ የተሻገሩት ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 አትላንቲክን ካቋረጠ በኋላ ነው። ዛሬ በርበሬ የሌለበት የጎጃም ወጥ ማሰብ ይከብዳል፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በበርበሬ ይታወቃሉ፤ በቆሎም በምርት ብዛት ከኢትዮጵያ እህሎች ቀዳሚ ሆኗል። ጎጃሜ የሜክሲኮን ቅመም ከተቀበለ ብዙ ትውልድ አልፏል። የተቀበለውንም በጤፍ እንጀራና በሽሮው ላይ አድርጎ የራሱ አድርጎታል።

ሁለተኛው ማስረጃ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ቀናት ከዓመቱ ግማሽ በላይ ይሆናሉ። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጾመኛው እስከዚያ እህል ውኃ አይቀምስም። ቅዳሜና እሁድ ግን ሰንበታት ናቸውና፣ ከቅዳሜ ሹር በቀር፣ ከጥሉላት መከልከል ይቀጥላል እንጂ እስከ ቀትር መጾም የለም። ቅዳሴው በጠዋት ይፈጸማል፤ ምእመኑም አስቀድሶ ወጥቶ ይበላል። ሁለቱም ቀናት በሰንበትነት መከበራቸው ራሱ ብዙ ክርክር የተካሄደበት ጉዳይ ነበር፤ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ለቀዳሚት ሰንበት ክብር ረጅም ዘመን ከታገሉ በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ጉዳዩን ቋጭቶታል። እንግዲህ ቅዳሜና እሁድን ከሌሎቹ ቀናት የሚለይ፣ ማዕዱንም ከጸሎት ቀጥሎ በረፋድ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በሰንበት ስለማይፈጭና ብዙ ቤት ውስጥም ስለማይጋገር፣ እንጀራው ቀደም ብሎ ይዘጋጃል፤ የእሁድ ፍርፍርም ከዚህ የመጣ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሦስተኛውና ዋናው ሰንበቴ ነው። ሰንበቴ የአንድ ደብር ምእመናን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ለዚሁ በተሠራ አዳራሽ የሚቀመጡበት ማኅበር ነው። መሪው ሙሴ ይባላል። የሳምንቱ ተረኛ ዳቦውን፣ ጠላውን፣ እንጀራና ወጡን ያቀርባል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ለቀጣዩ ሳምንት ተረኛ የሆነው ደግሞ ጽዋውን ይረከባል። ከአባላቱ በተጨማሪ ነዳያንና መንገደኛ ይካፈላሉ። እዚያ የሚቀርበው ምግብ ብቻ አይደለም፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ቤቱ የተቃጠለበት ወይም በሬው የሞተበት ይታሰባል። ማኅበሩን ለዘመናት ያኖረውም ይህ ነው፦ ተራው የታወቀ፣ ወጪው የተከፋፈለ፣ ማንም እንግዳ ሆኖ የማይባረርበት መሆኑ። የሜክሲኮ ምግብ ቤቶች እሁድን ያደመቁት ቅመማቸው ስለጣፈጠ ብቻ ቢሆን ማክሰኞም በሞሉ ነበር። እነርሱም የሚሸጡት የመገናኛ ጊዜን ነው፤ ምግቡ የመሰባሰቢያው ምክንያት ነው።

ታዲያ ሰንበቴ እያለ ምግብ ቤቶች ምን ይጨምራሉ? መልሱ ከተሞቹ በተለወጡበት መጠን ይታያል። አማኑኤል የማቻከል ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ቢቸናና ሞጣም ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚያወጣው በሌላኛው መንገድ ላይ ናቸው። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ከሌላ ወረዳ ተመድቦ የመጣ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ ነጋዴ፣ ሹፌርና ተማሪ ይኖራል። ይህ ሰው የየትኛውም ደብር ሰንበቴ አባል ላይሆን ይችላል፤ ሙስሊም ወይም የሌላ እምነት ተከታይም ሊሆን ይችላል። እሁድ ረፋድ ላይ የሚሄድበት ቢያጣ ለብቻው በልቶ ለብቻው ይውላል። ምግብ ቤቱ ደግሞ እሁድን እንደ ማክሰኞ ካስተናገደው፣ ያንኑ ቁርስ ለጥድፊያ ሸጦ ጠረጴዛውን ከጠረገ፣ የቀኑን ትርጉም አላወቀውም። ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት የሚዘልቅ የረፋድ ማዕድ፣ በሰፊ መሶብ የሚቀርብ ፍርፍር፣ ሽሮና አይብ፣ በጾም ጊዜ ሱፍ ፍትፍትና ስልጆ፣ ቡናው እስከ በረካ ተፈልቶ፣ ከተቻለ ባለ መሰንቆ አዝማሪ ተጋብዞ ቢዘጋጅ፣ አገሩ ያወቀውን ነገር ላላገኙት ማድረስ ይሆናል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሃይማኖት ወገን ይመጣል፦ ሰንበቴ ዝክር ነው፣ በረከት ነው፤ ወደ ንግድ ማምጣት ማራከስ ነው የሚል። ተቃውሞው ክብር ይገባዋል፤ ሰንበቴን ወደ ምግብ ቤት ማዛወር ስሕተት ነውና። እዚህ የቀረበው ሐሳብ ግን የሰንበቴውን ጽዋ ለመሸጥ ሳይሆን ያሳደገውን ልማድ በሌላ ቦታም ለማኖር ነው። ገበያ በየአጥቢያው አጠገብ ሲቆም፣ በክብረ በዓል ቀን ነጋዴ በደጀ ሰላሙ አካባቢ ሲሰለፍ ኖሯል፤ ሁለቱ ድንበራቸውን ጠብቀው አብረው መኖር ይችላሉ። ድንበሩም ግልጽ ነው፦ ምግብ ቤቱ ቅዳሴው ሳያልቅ ሙዚቃ አይከፍትም፣ የጾም ቀንን የጾም ምግብ ሳያሰናዳ አይቀበልም፣ ጠላና ጠጅ ቢያቀርብም የማዕዱን መልክ ወደ መሸታ ቤት አይለውጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ የሴቶች ድካም። የሰንበት ማዕድ ዕረፍት የሚሆነው ለሚበላው ነው፤ ሊጡን የምታቦካው፣ በምጣዱ ጭስ የምታነባው፣ ጠላውን የምትጠምቀው ሴት ዕረፍቷ የት አለ? በሜክሲኮም በቆሎውን በኖራ ውኃ ቀቅሎ በድንጋይ ፈጭቶ ቶርቲያ መጋገር ለብዙ ዘመን የሴቶች የሌሊት ሥራ ነበር። ይህን ሸክም ሳያነሱ ስለ ማዕድ ደስታ መናገር ተገቢ አይደለም። መፍትሔው ግን ማዕዱን መተው ሳይሆን ሥራውን መከፋፈል ነው። የተራ ሥርዓት ራሱ የተፈጠረው አንድ ቤት ብቻውን እንዳይደክም ነው፤ ይህ ፍትሕ ግን በአባወራዎች መካከል ብቻ ቆሞ በቤት ውስጥ ሳይገባ ቀርቷል። ምግብ ቤት ደግሞ ድካሙን ደመወዝ ያለው ሥራ ያደርገዋል። እንጀራ ጋጋሪዋና ወጥ ሠሪዋ ተገቢ ክፍያና በሳምንቱ ሌላ የዕረፍት ቀን ካገኙ፣ በየጓዳው ሳይታይ ይቀር የነበረው ጥበብ ስምም ገቢም ያገኛል። ያለዚህ ግን የእሁዱ ደስታ በሌላ ሰው ድካም የተገዛ ይሆናል።

ሦስተኛው ጥያቄ የጊዜው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት፣ የጤፍና የዘይት ዋጋ ሰውን ባስጨነቀበት ወቅት ስለ ረፋድ ማዕድ ማውራት ምን ይረባል? ይህን ለሚሉ መልሱ ከማዕዱ ዓይነት ይጀምራል። ፍርፍር የድግስ ምግብ አይደለም፤ ያደረውን ላለመጣል የተፈጠረ የቁጠባ ምግብ ነው። ቺላኪሌስም ከድህነት ጓዳ ወጥቶ ነው በባለ ኮከብ ሆቴል ዝርዝር ላይ የሰፈረው። ሥጋ የግድ አይደለም፤ ሽሮ፣ ድንች፣ ጎመንና ንፍሮ ይበቃሉ። ከዚያም በላይ፣ ሰው በሚፈራራበትና ወሬ በሚያሸብርበት ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን አብሮ የመቀመጥ ልማድ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። እርቅም ሆነ እርዳታ የሚጀምረው ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ነው። ይህን ደግሞ ሰንበቴው ከማንም በፊት አስተምሮናል።

በመጨረሻ፣ ለራሳችን ማዕድ ሜክሲኮን መጥራት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ የተሰየመው፣ ሜክሲኮ ሲቲ ላይም በኢትዮጵያ ስም አደባባይና የምድር ባቡር ጣቢያ ያለው በምክንያት ነው፤ ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ለማዕዳችንም ከእርሷ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሜክሲኮ ባህላዊ ምግብ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር በምሳሌነት የቀረበው የታላላቅ ሆቴሎች ምግብ አልነበረም፤ የሚቾዋካን ግዛት ማኅበረሰቦች እርሻ፣ ጓዳና የበዓል ልማድ ነበር። ምግብ ቤቶቿ በዓለም የታወቁት ከኋላቸው ያለው የመንደር ማዕድ ስላልሞተ ነው። በአማኑኤልም፣ በቢቸናም፣ በሞጣም ይህ ማዕድ ሕያው ነው። የምግብ ቤት ባለቤቶች የሰንበት ረፋድን የተለየ ጊዜ አድርገው ቢሰጡት፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ሙሴዎቹንና አንጋፋ ባለሙያ ሴቶችን ጠይቀው የየደብሩን የሰንበቴ ሥርዓትና የምግብ አሠራር ቢመዘግቡ፣ የከተማው ወጣትም ይህን እንደ ኋላ ቀር ነገር ማየቱን ቢተው፣ ዓለም ብራንች ብሎ የሚከፍልበትን ነገር በራሳችን ጤፍና በራሳችን ሥርዓት እናኖረዋለን፤ ሳንገነዘብ ከተውነው ደግሞ ነገ በውድ ዋጋ ከሌላ መልሰን እንገዛዋለን።