ጠዋት ጠዋት የሚብስ የእጅ ሕመም «ብርድ ነው» ተብሎ አይታለፍ



ዛሬ ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስ ልጻፍላችሁ። በእናቴ እጅ አይቼዋለሁና ጉዳዩ ቅርቤ ነው። በእኛ በአታት፣ በጉብሬና በእምድብር አካባቢ እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። የአንዷ እጅ ሲያብጥ «ሥራው ነው»፣ «ብርድ መትቷት ነው»፣ «ቁርጥማት ነው» ይባልና ይታለፋል። ሥራ ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል፤ በሽታውን ግን ሥራም ብርድም አያመጣውም።

የሚያመጣው ምንድን ነው? ከተሕዋስያን ሊጠብቀን የተሠራው የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የራሳችንን መገጣጠሚያ ያጠቃል። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ጊዜ ካገኘም አጥንቱን እየበላ ጣትን ያጣምማል። ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን እንደሚተው ሙሉ በሙሉ አልታወቀም። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ፤ ሲጋራ ማጨስ አደጋውን ይጨምራል። ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በምን ይለያል? የድካም ሕመም ሲያርፉ ይሻላል፤ ይህኛው ካረፉ በኋላ ይብሳል። ጠዋት ጣት አልታጠፍ ይላል፣ ለመፍታታት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ብዙ ጊዜ የሁለቱም እጅ አንጓና የጣት መገጣጠሚያዎች አብረው ያብጣሉ፤ ድካምና የምግብ ፍላጎት መቀነስም ይከተላሉ። እብጠቱ ከ6 ሳምንት ካለፈ መታየት የግድ ነው። አርኤፍ የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ በሽታው ኖሮ ነጻ ሊል፣ በሌላ ሕመም ምክንያትም ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ መገጣጠሚያውን በእጁ መርምሮ፣ ታሪኩን ሰምቶ ነው የሚወስነው።

ሕክምናውስ? ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሳሉ እንጂ የአጥንቱን ጉዳት አያቆሙም። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች በማዮ ክሊኒክ በዚህ በሽታ ለተያዘች አንዲት ሴት ኮርቲዞን የሚባል መድኃኒት ቢሰጣት በጥቂት ቀናት ውስጥ መራመድ ቻለች፤ በ1950 የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ግን መድኃኒቱ ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት እንደሚያሳሳ፣ ስኳርና ደም ግፊት እንደሚያመጣ ቆይቶ ታየ። የዚያው ቤተሰብ የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪም ከፋርማሲ እየገዙ መዋጥ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው።

በሽታውን ከሥሩ የሚገታው ዋና መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። እባካችሁ ይህን ለቤተሰብ አስረዱ፦ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው! በየቀኑ የዋጠ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ቀኑን ቆርጣችሁ በካርዱ ላይ ጻፉት። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፤ ደምና ጉበት በየጊዜው ይመረመራሉ፤ አረቄና ሌላም መጠጥ ይቀራል። ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል፤ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው አይገባም።

ይህ መድኃኒት ጽንስን ይጎዳል። አታት ሆስፒታል በሜዲካል ሚሽን እህቶች በ1969 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ወዲህ ብዙ እናቶቻችን የወለዱበት ቤት ነው፤ የነፍሰ ጡሮች ማቆያውንም ሁላችንም እናውቀዋለን። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን ማቆያው እስክትገባ አትቆይ፤ ከወራት በፊት ለሐኪሟ ትንገር፣ ሌላ መድኃኒት ይመረጥላታል።

ጠበልም ፍልውሃም የሚሄድ ይሂድ፤ ሙቅ ውሃ ግትርነቱን ያላላል። መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የተጀመረ ሕክምና ጣትን ከመጣመም ያድናል፤ የተጣመመውን ግን መድኃኒት አያቃናውም። ስለዚህ ዛሬውኑ ለእናታችሁ ወይም ለአክስታችሁ ደውሉና «ጠዋት ጣትሽ ለመፍታታት ምን ያህል ይቆያል?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ «አንድ ሰዓት» ከሆነ በዚሁ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።