የሬዲዮና የቴሌቪዥን ስርጭት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሬዲዮና የቴሌቪዥን ስርጭት ማዕከል የክልሉ ርዕሰ ከተማ አሶሳ ናት። አሶሳ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 475 ኪ.ሜ. ያህል ወደ ምዕራብ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ትገኛለች። በዚህ ርቀት ምክንያት የአካባቢው ሕዝብ ለብዙ ዘመን የሚሰማው ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚተላለፍ ድምፅ ነበር። የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ተቋም በአሁኑ ጊዜ በአማርኛና በክልሉ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች ዝግጅቶችን ያቀርባል።

የሩቅ ማሰራጫዎች ዘመን

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሥራ የተጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ማሰራጫዎች በአዲስ አበባ አካባቢ የተተከሉ ሲሆን ጉልበታቸውም አነስተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ትልቅ ለውጥ ያመጣው በየካቲት 1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌል ነው። ጣቢያው በአዲስ አበባ አቅራቢያ ጌጃ በተባለ ቦታ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ።

ለምዕራብ ኢትዮጵያ ከሁሉም ይቀርብ የነበረው ትልቅ ማሰራጫ በኢሉባቦር መቱ የተተከለው ነው። ይህ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ 100 ኪሎዋት ጉልበት ኖሮት በ684 ኪሎኸርዝ ይሠራ ነበር። ይሁንና መቱም ቢሆን ከአሶሳ በቀጥታ መስመር ከ200 ኪ.ሜ. በላይ ይርቃል። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን በመሬት ገጽ ላይ ተስቦ ይሄዳል፤ ሲመሽ ደግሞ ከላይኛው የአየር ክፍል ተንጸባርቆ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ማታ ማታ የጎረቤት አገር ጣቢያዎችም ድንበር ተሻግረው ይሰማሉ።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ስቱዲዮ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥዕሉን ወደ ክፍላተ ሀገር ለማድረስ በየተራራው ተቀባይና አስተላላፊ ጣቢያ መትከል ያስፈልግ ስለነበር፣ ከዋና ከተማው የራቁ ቦታዎች ቴሌቪዥን ያገኙት ዘግይተው ነው።

የክልሉ መቋቋምና ሕጉ

ከ1983 ዓ.ም. በፊት አሶሳ በወለጋ፣ መተከል ደግሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ። ሁለቱን በአንድ ያስተዳደረና በአንድነት የሚያናግራቸው ጣቢያ የሚያስፈልገው መስተዳድር የተፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ከፌዴሬሽኑ አባል ክልሎች አንዱ አደረገው፤ በአንቀጽ 5ም ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ደነገገ። በ1991 ዓ.ም. የመጀመሪያው የብሮድካስት አዋጅ (ቁጥር 178) ወጣ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 533 ደግሞ ስርጭቱን የሕዝብ፣ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ከፈለው። በአሁኑ ጊዜ የሚሠራበት የ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ነው።

መልክዓ ምድርና ሞገድ

ኤፍ ኤም ድምፁ ጥርት ያለ ቢሆንም ሞገዱ እንደ መካከለኛ ሞገድ በመሬት ገጽ ላይ ተስቦ ሩቅ አይሄድም። 100 ሜትር ከፍታ ካለው አንቴና የሚወጣ ሞገድ በሜዳ ላይ መሬት አጠገብ ላለ ተቀባይ የሚደርሰው እስከ 41 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ይህ ክብ ወደ 5,300 ካሬ ኪ.ሜ. ይሸፍናል፤ የክልሉ ስፋት ግን ከ50,000 ካሬ ኪ.ሜ. በላይ ነው። ስለዚህ አንድ እንዲህ ያለ ማሰራጫ ከክልሉ አንድ አስረኛውን ያህል ብቻ ያዳርሳል። አንቴናው ከፍ ባለ ተራራ ላይ ከተተከለ ሽፋኑ ይሰፋል።

የመሬቱ አቀማመጥም ችግሩን ያከብደዋል። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ስትሆን፣ በጉባ ወረዳ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የተሠራበት የዓባይ ሸለቆ ግን እስከ 500 ሜትር ይወርዳል። ዓባይ መተከልን ከአሶሳና ከካማሺ ዞኖች ይለያል። የመተከል ዞን ዋና ከተማ ግልገል በለስ ከአሶሳ በቀጥታ መስመር ከ200 ኪ.ሜ. በላይ ትርቃለች። የአሶሳን ድምፅ እዚያ ለማድረስ በየመሐሉ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ወይም ሳተላይት ያስፈልጋል። ሳተላይት ተራራም ሸለቆም አይከለክለውም፤ ነገር ግን ተመልካቹ ዲሽ፣ መቀበያና መብራት ሊኖረው ይገባል። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ በገጠር አሁንም ተፈላጊ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው።

ቋንቋዎች

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከክልሉ 784,345 ነዋሪዎች መካከል 25.9 በመቶው በርታ፣ 21.1 በመቶው ጉሙዝ፣ 7.6 በመቶው ደግሞ ሺናሻ ነበሩ። ማኦና ኮሞ በቁጥር ከእነዚህ በጣም ያነሱ ናቸው። በርታ፣ ጉሙዝና ኮሞ ብዙውን ጊዜ ከናይሎ ሳህራዊ፣ ሺናሻና ማኦ ደግሞ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ይመደባሉ። ከሴማዊው አማርኛ ስለሚለያዩ አማርኛ የማያውቅ አድማጭ ዜናውን በግምት እንኳ ሊረዳው አይችልም። በመሆኑም ስለ ክትባት፣ ስለ ምርጫ ወይም ስለ ጸጥታ የሚነገር መልእክት ለእያንዳንዱ ቋንቋ ተርጓሚ፣ አንባቢና የአየር ሰዓት ይጠይቃል፤ የአየር ሰዓቱ በበዙ ቋንቋዎች ሲከፋፈልም ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። በርታና ጉሙዝ በሱዳንም ስለሚነገሩ፣ በእነዚህ ቋንቋዎች የሚቀርብ ዝግጅት ከድንበሩ ማዶም ሊረዳው የሚችል አድማጭ አለው።