የመርካቶ ሰው የክብር እራት የት ይብላ?

በአዲስ አበባ ለልዩ ቀን የሚሆን ደረጃውን የጠበቀ ምግብ ቤት ሲፈለግ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚመዝነው የሕንፃውን ከፍታ፣ የመብራቱን ድምቀትና የቤቱን ዝና ቢሆንም፣ በመርካቶና በዙሪያው ለሚኖርና ለሚነግድ ቤተሰብ ምርጫው መጀመር ያለበት በገበታው ዙሪያ የሚቀመጡት እነማን ናቸው ከሚለው ጥያቄ ነው። ልጁን ያስመረቀ ወይም ዘመዱን ከሐጅ የተቀበለ ነጋዴ የሱቅ ሸሪኩን፣ የቆየ ደንበኛውን፣ የዕቁቡን ዳኛና የሰፈሩን ሽማግሌ በአንድ ማዕድ ሊያስቀምጥ ሲነሣ፣ ከተጋባዦቹ ከፊሉ ክርስቲያን ከፊሉ ሙስሊም፣ ከፊሉ ጿሚ ከፊሉ የማይጾም፣ ከፊሉ ወይን የሚያዝ ከፊሉ ደግሞ መጠጥ ከሚቀርብበት ገበታ የሚርቅ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ሳይታሰብበት የተያዘ ጠረጴዛ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የጋባዡን ኪስ አራቁቶ የተጋባዡን ግማሽ ጦሙን ያሳድራል።

መርካቶ ራሱ የዚህ ቅይጥ ኑሮ መናኸሪያ ነው። የከተማዋ ዋና ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል የነበረ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወራሪው የአገሬውን ሰው ከአውሮፓውያን ሰፈር ለመለየት ሲል የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ አሁን ባለበት ቦታ አቋቋመው። ከነጻነት በኋላም ገበያው እየሰፋ ሲሄድ ከጉራጌ፣ ከስልጤና ከሌሎችም የአገሪቱ ማዕዘናት የመጡ ነጋዴዎች በየተራው ሰፈሩበት፤ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ በአንድ አካባቢ ተጎራብተው በሚታዩበት በዚህ ሰፈር የአንዱ ቅዳሴና የሌላው አዛን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይሰማሉ። ሆኖም ይህን ያህል ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ገበያ ውስጥ ለክብር እራት የሚታጭ ቤት እምብዛም አይገኝም። ጠባብ ሱቅ የምታስገኘው ኪራይ ወንበርና ጠረጴዛ ከሚያስገኙት ስለሚበልጥ ቦታው ለጨርቅ፣ ለጫማና ለኤሌክትሮኒክስ ይውላል፤ ማታ ሱቆች ሲዘጉ ደግሞ ሰፈሩ ለጭነት መኪና፣ ለጫኝና አውራጅ እንዲሁም ለዘበኛ ይለቀቃል። ስለዚህ ምሳውን በገበያው ሕንፃዎች ውስጥ የሚበላው ነጋዴ እራት ሲጋብዝ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ካዛንቺስ ወይም ወደ ቦሌ ይወጣል።

ከቤት ውጭ ከፍሎ መብላት በአገሪቱ ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም ያልዘለለ ልማድ ነው። በአራዳ የሚገኘው፣ በ1898 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሥራ ሲጀምር መኳንንቱ በገንዘብ የሚሸጥ ማዕድ መቅረብን እንደ ነውር ስለቆጠሩት፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ሹማምንቱን አስከትለው ሄደው ከበሉ በኋላ ሒሳብ በመክፈል ምሳሌ ሆኑ ተብሎ ይተረካል። ይህ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ክፉኛ ቢጎዳም ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭር ነው፤ በፒያሳ ጣሊያኖች ያቋቋሟቸው እንደ ካስቴሊ ያሉ ቤቶች ለብዙ ዘመን የከተማዋ የክብር ገበታ ሆነው ኖሩ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሂልተን፣ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ሸራተን አዲስ ተከፈቱ፣ በቅርብ ዓመታትም ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገውና በኒውዮርክ ስም ያተረፈው የምግብ ባለሙያ ማርከስ ሳሙኤልሰን በስሙ የሚጠራ ምግብ ቤት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ አቋቋመ።

ወደ ገበታው ሲመጣ በቅድሚያ የሚነሣው የቢላዋ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ክርስቲያን የሚበላው በስመ አብ ተብሎ የተባረከውን፣ ሙስሊም የሚበላው ደግሞ በቢስሚላህ የታረደውን ሥጋ ነው፤ ከዚህም የተነሣ ሥጋ ቤቶች መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ በምልክታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ በሠርግ ድግስም ለሌላው እምነት ተከታይ በሬ ወይም በግ ለብቻ ታርዶ፣ ወጡ በተለየ ድስት ተሠርቶ በተለየ ገበታ ይቀርባል። በቤት ድግስ ይህ ሁሉ በጋባዡ እጅ ነው። ምግብ ቤት ሲኬድ ግን ሥጋው ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ወጥ ቤቱ ብቻ ስለሆነና ትልልቅ ሆቴሎች ይህን በምግብ ዝርዝራቸው ላይ ሁልጊዜ ስለማይገልጹት፣ ተጋባዡ ይሉኝታ ይዞት ሰላጣና ዳቦ ሲነካካ ያመሻል። ጋባዡም ነገሩን የሚያውቀው፣ ካወቀው፣ ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ነው።

መፍትሔው አስቀድሞ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው፤ ጥያቄውም ሥጋው የማን ነው ተብሎ በግልጽ ሊቀርብ ይገባል። አጥጋቢ መልስ የማይሰጥ ቤት፣ ለድብልቅ ገበታ እስከሆነ ድረስ፣ ከምርጫ ቢወጣ ይሻላል። ሁለቱንም ወገን የሚያገናኙ ምግቦች ግን አሉ። አንደኛው ዓሣ ነው፤ ዓሣ የእርድ ሥርዓት ስለማይጠይቅ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ያነሡታል፣ ከሐዋሳ፣ ከዝዋይ፣ ከጫሞ ወይም ከጣና የመጣ ዓሣ ሙሉውን ተጠብሶ ሲቀርብም ለክብር እንግዳ የሚያንስ ምግብ አይደለም። ሁለተኛው የጾም ምግብ ነው። በያይነቱ፣ ማለትም ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶልያና ሱፍ ፍትፍት በአንድ እንጀራ ላይ በየዓይነቱ የሚዘረጋበት ማዕድ፣ ሥጋም ቅቤም ስለማይገባበት የሁሉም ገበታ ነው፤ ብዙ ጋባዦች የጾም ምግብ ማዘዝ እንደ ንፍገት ይቆጠርብናል ብለው መስጋታቸው ግን ትክክል አይመስልም፣ ምክንያቱም በቅጡ የተሠራ ሽሮ ተጋባዡ ሁሉ የሚጎርሰው ሲሆን ውዱ ጥብስ ግን ለግማሹ ብቻ ነው።

የቀኑ ምርጫም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አማኝ ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚዘልቀውን ሁዳዴን፣ የነቢያትን ጾም፣ ፍልሰታንና ሌሎችንም ስለሚጾም፣ የፍስክ እራት ለመጋበዝ የሚያስብ ሰው የቀን መቁጠሪያውን ሳያይ ጠረጴዛ ሊይዝ አይገባውም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ ለግብዣ እጅግ የተመቹ ናቸው። ረመዳን ሲሆን ደግሞ የእራቱ ሰዓት የሚወሰነው በፀሐይ መጥለቂያ ነው፤ ጿሚው በተምርና በውኃ አፍጥሮ፣ ሰግዶ፣ ከዚያ ወደ ማዕድ ስለሚቀርብ ቤቱ ሾርባና ሳንቡሳ በሰዓቱ የሚያደርስና ለሶላት የምትሆን ንጹሕ ጥግ ያለው መሆን ይኖርበታል። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሁዳዴ ውስጥ በመዋሉ፣ ከሥጋና ከቅቤ የጸዳ የአፍጥር ማዕድ ሁለቱንም ጿሚዎች በአንድ ጊዜ ማስተናገድ የሚችል ሆኖ ነበር። ይህን አስቦ የምስር ሳንቡሳና የአትክልት ሾርባ ያዘጋጀ ምግብ ቤት የገበያውን ሰው ጠባይ በሚገባ ያውቃል ማለት ነው።

ተጋባዦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥጋ የሚበሉ ሲሆኑ የመርካቶ ነጋዴ ምርጫ በአብዛኛው ወደ ክትፎ ያደላል፤ ከገበያው ነባር ነጋዴዎች ብዙዎቹ ከጉራጌ አካባቢ የመጡ ናቸውና። ክትፎ ማለት ስቡና ጅማቱ ተለይቶ የወጣለት ቀይ የበሬ ሥጋ ደቅቆ ተከትፎ በንጥር ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ የሚታሽ ምግብ ሲሆን፣ ጥሬው፣ ለብለቡ ወይም የበሰለው እንደ ተመጋቢው ፍላጎት ይታዘዛል። የአንድ ክትፎ ቤት ደረጃ የሚለየው በጥቂት ነገር ነው፤ ሥጋው በስለታም ቢላዋ በእጅ የተከተፈ እንደሆነ ፍሬው ይታያል፣ በመፍጫ ያለፈ ግን እንደ ሊጥ ይያያዛል፤ ቅቤው ቀልጦ ሥጋውን አርሶት መምጣት እንጂ ከጣባው ዳር ረግቶ መታየት የለበትም፤ ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ስስና ትኩስ፣ አይቡ ያልኮመጠጠ፣ ጎመኑም ደቅቆ የተከተፈ መሆን ይገባዋል። በገርጂ በኩል ያለው ቶቶት ስሙን ያተረፈው በዚህ ዓይነቱ የጉራጌ ማዕድ ነው። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለነፍሰ ጡርና ለልጆች የበሰለው ቢታዘዝ ይመረጣል፤ ይህን የሚነግር አስተናጋጅ ያለበት ቤት ግን ብዙ አይደለም።

የባህል ምግብ ቤት የሚባሉት፣ እንደ ዮድ አቢሲኒያ ያሉት፣ መሶብ፣ ጠጅ፣ የብሔር ብሔረሰቦች ዘፈንና ውዝዋዜ በአንድ ምሽት የሚያቀርቡ ሲሆኑ፣ ከውጭ አገር ለመጣ ዘመድ ወይም ለወጣቶች ልደት ከእነሱ የተሻለ አይገኝም። ሽማግሌ ተነሥቶ ለሚመርቅበት እራት ግን አይስማሙም፤ ድምፅ ማጉያው ምርቃቱን ይውጠዋል፣ አሜን የሚለው ሰው የቱ ላይ አሜን እንደሚል ይጠፋዋል። ቀድሞ በትልልቅ ቤቶች ጌታ ሲበላ ዓይን እንዳይበላው መጋረጃ ይጋረድለት እንደነበር ሲታሰብ፣ በመስተዋት ግድግዳ አጠገብ ለመንገደኛ እየታዩ መብላት የማይዋጥላቸው አረጋውያን መኖራቸው አያስደንቅም። ብዙ ሆቴሎች ከአዳራሹ የተለየች ክፍል ስላሏቸው ለእንዲህ ያለው እራት እሷን ማስያዝ ተገቢ ነው፤ ቤቱ ቀብድ የሚጠይቅ ከሆነ ቀብዱ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ፣ ኬክ ከውጭ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነና ያስከፍል እንደሆነ በዚያው ይጠየቃል።

ስለ ኮከብ አንድ ነገር መባል አለበት። በ2007 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር በዓለም ቱሪዝም ድርጅት እገዛ የከተማዋን ሆቴሎች መዝኖ የኮከብ ደረጃ ሰጥቷል፤ ይህ ኮከብ ግን አልጋውን፣ አሳንሰሩን፣ የእሳት አደጋ መከላከያውንና መስተንግዶውን በአንድነት የሚመለከት እንጂ የወጡን ጣዕም የሚመሰክር አይደለም። ለምግብ ብቻ የሚሰጥ ኮከብ በዓለም የታወቀው ሚሽሊን የተባለው የፈረንሳይ የጎማ ኩባንያ በ1900 እ.ኤ.አ. ለአሽከርካሪዎች ማሳተም ከጀመረው መምሪያ የመጣ ሲሆን፣ መምሪያው የአዲስ አበባን ምግብ ቤቶች አይመዝንም። ስለዚህ ከሰው አፍ የሚሰማው ምስክርነት እዚህ ከማንኛውም ኮከብ ይበልጣል፤ ጋባዡ ከግብዣው በፊት አንድ ቀን ራሱ ሄዶ ቢቀምስ ደግሞ የበለጠ ይሆናል።

ሒሳቡን በተመለከተ ብዙ ጋባዥ የሚደነግጠው የምግብ ዝርዝሩ ላይ ያየው ዋጋና የሚቀርብለት ደረሰኝ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲሆን፣ ከፍ ያሉ ቤቶች በአብዛኛው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፤ አንዳንዶቹ ሁለቱንም በዋጋው ውስጥ አካተው ይጽፋሉ፣ ሌሎቹ ግን አያካትቱም። ስምንት ሰው እያንዳንዱ የ1,500 ብር ምግብና መጠጥ ቢያዝ ድምሩ 12,000 ብር ነው፤ የአገልግሎቱ 1,200 ብር ሲታከልበት 13,200፣ ታክሱ በዚህ ላይ ሲሰላ ደግሞ 15,180 ብር ይደርሳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህም ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ያለፈው ወር ዝርዝር ለዚህ ወር ግብዣ ማስረጃ አይሆንም። ቡፌ፣ ማለትም ለአንድ ሰው አንድ ዋጋ ተከፍሎ የፈለጉትን ያህል የሚነሣበት ገበታ፣ ወጪን አስቀድሞ ለማወቅ ሲያመች፣ እያንዳንዱ ምግብ ለብቻው የሚታዘዝበት አላካርት ደግሞ ተጋባዡ ለጋባዡ አዝኖ ርካሹን እንዲያዝ ያደርገዋል፤ ስለሆነም ጋባዡ አስቀድሞ ለሁሉም አዝዞ ማዕዱ ተሞልቶ ቢጠብቃቸው ከይሉኝታ ያድናቸዋል። ከበሉ በኋላ እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል የሚለውን ትግል ለማስቀረትም ሒሳቡን በቴሌብር ወይም በባንክ አስቀድሞ መጨረስ ይቻላል።

የሰዓት ነገር በመርካቶ ሰው ላይ ይበረታል። ሱቁን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘግቶ፣ የቀኑን ሽያጭ ቆጥሮ፣ ቤቱ ገብቶ ልብስ ቀይሮ ቦሌ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በፊት ማሰብ ራስን መደለል ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በአውቶቡስ ተራ፣ በሰባተኛና በአብነት አልፎ ወደ ስታዲየም ቢወርድም የሀገር ልብስ የለበሰች እናትን ማታ በተጨናነቀ ባቡር ማሳፈር የሚታሰብ አይደለም። ከተጋባዦቹ የሚበዙት ከገበያው የሚነሡ ከሆነ ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ያለ መካከለኛ ቤት ቦሌ ካለው ዝነኛ ቤት ይልቅ ይመረጣል።

ምግብ ቤቶቹም በበኩላቸው ሁለት ነገር በምግብ ዝርዝራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአማርኛ ቢጽፉ የዚህን ሁሉ ችግር እኩሌታ ያቃልሉታል፤ ሥጋው የማን እንደሆነና ዋጋው ታክስና አገልግሎትን ያካተተ መሆን አለመሆኑን። ጋባዥ የሆነ ሁሉ ጠረጴዛ ከመያዙ በፊት እነዚህን ሁለቱን ይጠይቅ።