ገመዱን ማን ይጎትታል?

የቡድን ግንባታ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ

በመሥሪያ ቤቶች የሠራተኞች ቀን ሲከበር ከማይቀሩት ጨዋታዎች አንዱ ገመድ ጉተታ ነው። የሒሳብ ክፍሉ በአንድ ወገን፣ የንብረት ክፍሉ በሌላ ወገን ይሰለፋሉ፤ ፊሽካ ይነፋል፤ አንደኛው ወገን ተያይዞ ይወድቃል፤ ሳቁም ይደምቃል። በማግስቱ ሁሉም ወደየጠረጴዛው ይመለሳል። ታዲያ አንድ ቀን ሙሉ ሥራ ቆሞ፣ የመጓጓዣና የምሳ ወጪ ወጥቶ የተካሄደው ይህ ዝግጅት ለመሥሪያ ቤቱ ምን አተረፈለት? ጥያቄው የአስተዳደር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ገመድ ካለ ኃይል አለ፤ ኃይል ካለ ደግሞ የፊዚክስ ተማሪም የሚለው አያጣም።

ስምንት ሰው ስንት ነው?

ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ሰዎችና እንስሳት ጭነት ሲጎትቱ የሚያወጡትን ኃይል ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ሠንጠረዥ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሠራ የሚያወጣው ኃይል 100 ቢባል፣ ሠራተኞቹ ሁለት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 93፣ አራት ሲሆኑ ወደ 77፣ ስምንት ሲሆኑ ደግሞ ወደ 49 ዝቅ ይላል። ይህም ማለት ስምንት ሰዎች ተባብረው የሚያስገኙት ኃይል፣ አራት ሰዎች በየግላቸው ከሚያስገኙት ድምር ጥቂት ያንሳል ማለት ነው። የቀረው የት ገባ?

የመጀመሪያውን መልስ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሊሰጠን ይችላል። ኃይል መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም ያለው ቬክተር ነው። ከገመዱ መስመር 30 ዲግሪ ወጣ ብሎ የሚጎትት ሰው ለቡድኑ የሚያበረክተው ከኃይሉ 87 በመቶውን ያህል ነው። በ60 ዲግሪ ከጎተተ ግማሹ ብቻ ይደርሳል፤ ቀሪው ባልደረባውን ወደ ጎን ለመግፋት ይውላል። በዚህ ላይ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ካልጎተቱ የአንዱ ብርታት ከሌላው ድካም ጋር ይገጥምና ድምሩ ይቀንሳል። ይህን የቅንጅት ጉድለት ልንለው እንችላለን።

ሁለተኛው መልስ የተገኘው ዘግየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ብልሃት የተሞላበት ሙከራ አሳተሙ። ተሳታፊው ዓይኑን ተሸፍኖ ከፊት ሆኖ ገመዱን ይይዛል። ከኋላው ሌሎችም አብረውት የሚጎትቱ ይመስለዋል፤ እነሱ ግን የተመራማሪዎቹ ተባባሪዎች ስለሆኑ አይጎትቱም። የሚጎትተው እሱ ብቻ ስለሆነ አቅጣጫና ጊዜ የማጣጣም ችግር ሊኖር አይችልም። ቢሆንም ብቻውን መሆኑን አውቆ ሲጎትት ካወጣው ያነሰ ኃይል አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ በጭብጨባና በጩኸት የተደረገ ሙከራ ተመሳሳይ ውጤት ሰጠ። ተመራማሪዎቹ ለነገሩ አዲስ ስያሜ ማውጣት ነበረባቸው፤ የእኛ ቋንቋ ግን ቃሉን ከጥንት አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ ልግመት ነው።

ይሁን እንጂ የሰው ልጅ በተፈጥሮው ለጋሚ ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ ተከታይ ሙከራ እንዳሳየው፣ ተሳታፊዎች የእያንዳንዳቸው ድርሻ ለብቻው እንደሚለካ ሲያውቁ ልግመቱ ጠፋ። ሰው የሚለግመው ጥረቱ በብዙኃኑ መካከል ተሰውሮ እንደሚቀር ሲሰማው ነው።

የዝምታ ዋጋ

ከቅንጅት ጉድለትና ከልግመት በተጨማሪ ሦስተኛ ብክነት አለ፤ እርሱን ግን በገመድ መለካት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 ወደ ማርስ የተላከችው ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለች መንኮራኩር፣ መስከረም 23 ቀን 1999 ፕላኔቷ ዘንድ እንደደረሰች ጠፋች። ምክንያቱ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚጠቀስ የአሃድ ስህተት ነው። መንኮራኩሯን የሠራው ቡድን የግፊቱን መጠን በፓውንድ-ሰከንድ ሲልክ፣ በሌላ ግዛት የሚገኘው አቅጣጫ ተቆጣጣሪ ቡድን ቁጥሩን በኒውተን-ሰከንድ ተረዳው። በሁለቱ መካከል የ4.45 እጥፍ ልዩነት አለ። መንኮራኩሯ ወደ ማርስ ከሚገባው በላይ ተጠግታ እስከ 57 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወረደች።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው የታሪኩ ክፍል ግን ይበልጥ ያስተምራል። አቅጣጫ ተቆጣጣሪዎቹ ቁጥሮቹ እንዳልተጣጣሙ አስቀድመው አስተውለው ነበር። ነገር ግን ጥርጣሬያቸው በመደበኛው መንገድ ቀርቦ እልባት እስኪያገኝ አልተገፋበትም። የአደጋው መርማሪ ቦርድ በቡድኖቹ መካከል የነበረው የሐሳብ ልውውጥ ደካማ እንደነበርና ተቆጣጣሪዎቹ ከመንኮራኩሯ ጋር በቂ ትውውቅ እንዳልነበራቸው በዘገባው አስፍሯል።

እኔም በዚህ ረገድ ንጹሕ አይደለሁም። የዶክትሬት ትምህርቴን በውጭ አገር ስጀምር፣ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት የአንድ ፓምፕ ማቀዝቀዣ ውኃ ግፊት ቀስ በቀስ ሲወርድ በመለኪያው ላይ ተመለከትኩ። የመሣሪያው ኃላፊ ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ የሚያስተዋውቀኝም ሰው አልነበረም። «የሚመለከተው ሰው ያውቀዋል» ብዬ አለፍኩ። በማግስቱ ፓምፑ ተቃጥሎ ተገኘ፤ የአንድ ባልደረባችን የሁለት ወር ዝግጅትም አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቡድናችን ዓርብ ዓርብ ቡና እየጠጣ፣ እያንዳንዱ በሳምንቱ ያልተሳካለትን እንዲናገር ማድረግ ጀመረ። ከዚያ ጠረጴዛ ያገኘሁት ትምህርት ከብዙ ሴሚናሮች ያገኘሁትን ይበልጣል።

ጨዋታው ነው ወይስ ትውውቁ?

እንግዲህ የቡድን ግንባታ ዋጋ የሚመዘነው እነዚህን ሦስት ብክነቶች በመቀነሱ ነው። ማስረጃው ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ፣ ቀደምት ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ፣ የቡድን ግንባታ በሥራ ውጤት ላይ ያለው አጠቃላይ ተጽዕኖ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ አገኘው፤ ጥቂት ፍሬ የታየው የሥራ ድርሻን ግልጽ በማድረግ ላይ ነበር። በ2009 የወጣው ሰፋ ያለ ተመሳሳይ ጥናት ግን መጠነኛ በጎ ውጤት አሳየ፤ ውጤቱም በተለይ በአባላቱ የእርስ በርስ መተማመንና አብሮ የመሥራት ሂደት ላይ ጎልቶ ታየ። ከሁሉም ይልቅ የሠሩት ግብን በጋራ የሚያስቀምጡና የእያንዳንዱን ድርሻ የሚለዩ ዝግጅቶች ነበሩ። ስለዚህ ሽርሽርና ገመድ ጉተታ ብቻቸውን መድኃኒት አይደሉም፤ ለትውውቁ በር ይከፍታሉ እንጂ።

ትውውቅ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ከቆዳ መቅደድ በፊት የቡድኑ አባላት ሁሉ ስማቸውንና ድርሻቸውን እንዲናገሩ ያዛል። ዝርዝሩ ታንዛኒያን ጨምሮ በስምንት አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር፣ የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ዝርዝሩ ሌሎች በርካታ ነጥቦችን ስለያዘ ውጤቱን በሙሉ ለትውውቁ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን ስሙን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ የተናገረች ነርስ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ» ለማለት ይቀላታል የሚለው ሐሳብ ከዝርዝሩ መሠረቶች አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ገበሬ እንግዳ አይደለም። በደቦ ሥራ ላይ የሚዜመው ዜማ የእጆችን እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ያገናኛል፤ ቅንጅት ነው። በወንፈል ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው ማሳ ሲሠራ የማን ጉልበት እንደዋለ ስለማይረሳ ልግመት ቦታ የለውም። ሲመሽ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚደረገው ጨዋታ ደግሞ ሰውን ከሰው ያስተዋውቃል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ፊዚክስ አንድ ቅድመ ሁኔታ ያክልበታል። ከሦስት ክሮች አንዱ ከላላ ሸክሙን የሚይዙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲበጠስ ጭነቱ በሙሉ በቀሪው ላይ ይወድቃል። በየሴሚስተሩ አንድ ተማሪ ጽፎት አምስት ስም የሚሰፍርበት የቡድን ሥራ ሲቀርብልኝ የማስበው ይህን ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በምትገቡበት መሥሪያ ቤት የምትቆጣጠሩት መለኪያ የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሚቀጥለው የቡድን ሥራችሁ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ እርስ በርሳችሁ ተዋወቁ፤ የማን ድርሻ ምን እንደሆነ ጻፉ፤ ያልገባውም ሰው «አልገባኝም» እንዲል ፍቀዱለት። ከመጎተት በፊት ገመዱን እኩል መወጠር ማለት ይኸው ነው።