ከአራቱ ማን ይበልጣል? ስለ አንድ የቦክሰኞች ትውልድና ስለ መለኪያው

በቦክስ ወዳጆች መካከል «የዘመኑ ታላቅ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ በተነሣ ቍጥር ክርክሩ ቶሎ ይሞቃል፤ ፍጻሜው ግን እምብዛም አይታይም። የማያልቅበትም ምክንያት ተከራካሪዎቹ የሆነውን ነገር ባለማወቃቸው አይደለም። እገሌ እገሌን በየትኛው ዓመትና በስንተኛው ዙር እንዳሸነፈው ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ። የማይስማሙት «ታላቅ» በሚለው ቃል ትርጕም ነው። አንዱ በቍና ሌላው በክንድ እየለካ፣ ልኩ ለምን አልገጠመም ብለው ይጣላሉ።

በዚህ ጽሑፍ መለኪያዎቹን ለያይተን፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ለመመርመር እንሞክራለን። በመጨረሻም የራሳችንን ፍርድ ሳንሸሽግ እንሰጣለን። ለምርመራችን የመረጥናቸው ከ1980 እስከ 1989 ድረስ እርስ በርሳቸው 9 ጊዜ የተጋጠሙትን ሮቤርቶ ዱራንን፣ ማርቪን ሃግለርን፣ ሹገር ሬይ ሌናርድንና ቶማስ ሂርንስን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እነዚህን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። በብዙ ትውልድ ውስጥ ታላላቆቹ በውልም በገንዘብም ሳይስማሙ ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ ወይም እጅግ ዘግይተው ይገናኛሉ። ለምሳሌ ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያኦ ለብዙ ዓመታት ሲጠበቁ ቈይተው የተጋጠሙት በ2015 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አንደኛው 38፣ ሁለተኛው 36 ዓመት ሞልቶት ነበር። ከአራቱ ግን እያንዳንዱ ከሦስቱም ጋር ተጋጥሟል። ስለዚህ በእነርሱ ነገር ክርክሩ ባያልቅ ማስረጃ ስለ ጠፋ ነው ማለት አይቻልም።

አስቀድመን ሰዎቹን ባጭሩ እናስተዋውቅ። ዱራን በ1951 በፓናማ ከተማ ኤል ቾሪዮ በሚባለው የድኾች ሰፈር ተወለደ። በ1972 ኬን ቡካናንን አሸንፎ የቀላል ክብደት፣ ማለት የ61 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ማዕረጉንም 12 ጊዜ ጠብቋል። ከቡጢው ክብደት የተነሣ «ባለድንጋይ እጅ» ይሉት ነበር። ሃግለር በ1954 በአሜሪካ በኒውዋርክ ተወልዶ በብሮክተን ከተማ የሠለጠነ ግራኝ ነው። በመካከለኛው ክብደት፣ በ72.6 ኪሎ፣ ለረጅም ጊዜ ዕድል ተነፍጎት ከቈየ በኋላ በ1980 ለንደን ላይ አላን ሚንተርን በ3ኛው ዙር አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሌናርድ በ1956 የተወለደና በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳይ ያገኘ ነው። ሂርንስ በ1958 ተወልዶ በዲትሮይት ከተማ ያደገ፣ በክሮንክ የቦክስ ቤት በአማኑኤል ስቲዋርድ እጅ የሠለጠነ ሰው ነው። ቁመቱ 185 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በቀኝ እጁ ቡጢ እጅግ ይፈራ ነበር። ሌናርድና ሂርንስ ያደጉበት ክብደት ዌልተር የሚባለው፣ 66.7 ኪሎ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ እርስ በርስ የተደረገው ግጥሚያ ውጤት ነው። ይህ መለኪያ ቀላልና ግልጽ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል። ከ9ኙ ግጥሚያዎች ሌናርድ 4 ጊዜ አሸነፈ፣ 1 ጊዜ ተሸነፈ፣ 1 ጊዜ አቻ ወጣ። ሃግለር 2 ጊዜ አሸንፎ 1 ጊዜ ተሸነፈ። ሂርንስ 1 ጊዜ አሸነፈ፣ 2 ጊዜ ተሸነፈ፣ 1 ጊዜ አቻ ወጣ። ዱራን 1 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ ተሸነፈ። በዚህ ሒሳብ ሌናርድ አንደኛ፣ ዱራን መጨረሻ ነው፤ ነገሩም ያለቀ ይመስላል።

ነገር ግን ድል እንደ መሰላል ደረጃ በሥርዐት የተደረደረ አይደለም። አይራን ባርክሌይ የሚባል ከአራቱ ውጭ የሆነ ቦክሰኛ በ1988 ሂርንስን በ3ኛው ዙር ዘረረው። ሂርንስ ደግሞ ከዚያ ቀደም በ1984 ዱራንን በ2ኛው ዙር በዝረራ አሸንፎት ነበር። እንግዲህ በሒሳብ ደንብ ባርክሌይ ዱራንን እንደ ልቡ ማሸነፍ ነበረበት። ሆኖም በ1989 ዱራን በ37 ዓመቱ ባርክሌይን በነጥብ አሸንፎ የመካከለኛውን ክብደት ማዕረግ ወሰደበት። የአንዱ ቁመት፣ የሌላው ፍጥነት፣ የሦስተኛው አገጭ ጥንካሬ በተገናኙ ቍጥር ሌላ ውጤት ይሰጣል። ስለዚህ «ሀ ለን አሸነፈ፣ ለ ሐን አሸነፈ» ከሚለው ተነሥቶ ሀ ከሐ ይበልጣል ማለት አይቻልም።

ውጤቱን የሚለዋውጥ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የግጥሚያው ርዝመትና የዳኞች ዐይን ነው። እንደሚታወቀው በቦክስ ሦስት ዳኞች በየዙሩ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ዙሩን ላሸነፈው 10፣ ለተሸነፈው ዘወትር 9፣ ወድቆ ከተነሣ ደግሞ ብዙ ጊዜ 8 ይጽፋሉ። በ1981 ሌናርድና ሂርንስ በላስ ቬጋስ ለ15 ዙር ሲጋጠሙ፣ በ13ኛው ዙር መጨረሻ በሦስቱም ዳኞች ወረቀት የሚመራው ሂርንስ ነበር። በ14ኛው ዙር ሌናርድ ስላጣደፈው የመድረኩ ዳኛ ግጥሚያውን አቆመ። ግጥሚያው ለ12 ዙር የተወሰነ ቢሆን ኖሮ አሸናፊው ሂርንስ በሆነ ነበር። እንደዚሁም በ1983 ሃግለርና ዱራን ሲጋጠሙ፣ ከ13ኛው ዙር በኋላ ዱራን በሁለት ዳኞች ዘንድ በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር፤ በሦስተኛው ዘንድ እኩል ነበሩ። ሃግለር የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች ወስዶ ማዕረጉን አዳነ።

በ1982 ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ተጋጥሞ በ14ኛው ዙር ከወደቀ በኋላ ሞተ። ከዚህ የተነሣ የዓለም የቦክስ ምክር ቤት የሻምፒዮና ግጥሚያዎችን ከ15 ወደ 12 ዙር ዝቅ አደረገ፤ ሌሎቹም ማኅበሮች በ1980ዎቹ ውስጥ ተከተሉት። የአንድ ሰው ሞት ያመጣው ይህ ደንብ የታላቅነትንም ሚዛን ለወጠው። በ1987 ሌናርድ ሃግለርን ያሸነፈው በ12 ዙር ነው። በዚያ ሌሊት አንዱ ዳኛ ለሌናርድ 118 ለ110፣ ሁለተኛው ለሌናርድ 115 ለ113፣ ሦስተኛው ለሃግለር 115 ለ113 ጻፉ። አንዱ ዳኛ ለሌናርድ 10 ዙር ሲሰጠው፣ ሌላው በዚያው መድረክ፣ በዚያው ሰዓት 5 ብቻ ሰጠው ማለት ነው። ሃግለር በፍርዱ አዝኖ ዳግመኛ አልተጋጠመም። በ1989 ደግሞ ሂርንስ ሌናርድን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ጥሎት ሳለ አቻ ተባሉ፤ ሌናርድም ራሱ ውሎ አድሮ ድሉ ለሂርንስ ይገባው እንደ ነበር ተናግሯል። እነዚህን ሁለት የሚያጠራጥሩ ፍርዶች ብንተው፣ በሦስቱ ያልተሸነፈው ሃግለር ብቻ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው መለኪያ እንግዲህ መስሎ የታየውን ያህል ጽኑ አይደለም።

ሁለተኛው መለኪያ የማዕረግ ዕድሜ ነው። በዚህ ሃግለርን የሚወዳደረው የለም። ከ1980 እስከ 1987 ድረስ በአንድ ክብደት ነግሦ ማዕረጉን 12 ጊዜ ጠበቀ። ከ67 ግጥሚያዎች የተሸነፈው በ3ቱ ብቻ ነው። በ1985 ከሂርንስ ጋር ያደረገው ግጥሚያ 8 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢፈጅም፣ እስከ ዛሬ ድረስ የመካከለኛው ክብደት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ሂርንስ በ1ኛው ዙር ቀኝ እጁ ተሰበረ፤ ሃግለር ግንባሩ ተፈንክቶ ሐኪም በመድረኩ ላይ እስኪመረምረው ድረስ ደማ፤ በ3ኛው ዙር ግን ሂርንስን ጣለው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ሃግለር ከ72.6 ኪሎ ወጥቶ አያውቅም። ሦስቱም ከታች ወደ እርሱ ወጡ እንጂ እርሱ ወደ ማንም አልሄደም።

ሦስተኛው መለኪያ የማዕረግ ብዛት ነው። በ1987 ሂርንስ በአራት ልዩ ልዩ ክብደቶች የዓለም ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በኋላም እርሱና ሌናርድ እያንዳንዳቸው አምስት አደረሱ። ይህ መለኪያ ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ቀድሞ 8 የነበሩት ክብደቶች እየተከፋፈሉ ዛሬ 17 ደርሰዋል፤ ሻምፒዮን የሚሾሙትም ማኅበሮች በዝተው አራት ታላላቆች ሆነዋል። በ1988 ሌናርድ ዶኒ ላሎንድን በአንድ ሌሊት ባሸነፈ ጊዜ የሁለት ክብደት ቀበቶ በአንድነት ታጠቀ፤ ከሁለቱም አንደኛው በዚያ ምክር ቤት ዘንድ ከዚያ በፊት ባለቤት ያልነበረው አዲስ ማዕረግ ነበር። ገበያው ቀበቶ ባበዛ ቍጥር የቀበቶ ቍጥር ዋጋው ይረክሳል።

አራተኛው መለኪያ ድፍረት ነው። በዚህ ረገድ ሌናርድን የሚያመሰግኑም የሚነቅፉም አሉ። በ1982 የዐይኑ ውስጠኛ መጋረጃ ተላቆ በቀዶ ሕክምና ተጠገነለት። ከዚያ በኋላ እስከ 1987 ድረስ የተጋጠመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚል ምክር ያለው ሕዝብ የዚህን ሰው መመለስ እንደ ቀላል ነገር ሊያየው አይችልም። ነቃፊዎቹ ግን ጊዜውን አስልቶ ነው የመጣው ይላሉ። በ1986 ሃግለር ከዩጋንዳዊው ጆን ሙጋቢ ጋር 11 ዙር ሲደክም ሌናርድ ከመድረኩ አጠገብ ተቀምጦ አይቶ፣ አሁን ይቻላል ብሎ ወሰነ። ድፍረቱ እውነት ነው፤ ስሌቱም እውነት ነው።

የእኛ ፍርድ ከዚህ ይነሣል። ቦክስ ሰዎችን በክብደት የሚለያየው ያለ ምክንያት አይደለም። ችሎታቸው እኩል ከሆነ ትልቁ ትንሹን እንዲያሸንፍ የታወቀ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ የችሎታ ሁሉ ጽኑ ማስረጃ የሚሆነው፣ ትንሹ ሰው ወደ ትልቁ ክብደት ወጥቶ፣ ጕልበቱ ያልደከመን ታላቅ ሰው፣ በማያጠራጥር ፍርድ ሲያሸንፍ ነው። በ9ኙ ግጥሚያዎች ውስጥ ይህን የሚያሟላ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሰኔ 20 ቀን 1980 ሞንትሪያል ላይ የተደረገው ነው። በ61 ኪሎ የነገሠው ዱራን በዌልተር ክብደት እስከዚያ ቀን ድረስ ያልተሸነፈውን የ24 ዓመቱን ሌናርድን 15 ዙር ተጋጥሞ በሦስቱም ዳኞች አሸነፈው። ሌናርድም በ1987 ከፍ ካለው ሰው ጋር ተጋጥሟል፤ ነገር ግን ሃግለር ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር፤ ፍርዱም እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የዱራን ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ነገር ከባድ ነው፤ ልንሸሸውም አይገባም። ከሞንትሪያል 5 ወር በኋላ ኒው ኦርሊንስ ላይ ሌናርድ እየዞረ ሲያሾፍበት፣ ዱራን በ8ኛው ዙር እጁን አወናጭፎ በቃኝ አለ። እርሱ ሆዴን ቍርጠት ይዞኝ ነው ብሏል፤ ከድሉም በኋላ ክብደቱ እጅግ ጨምሮ እንደ ነበር ይነገራል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሊዋጋ ሲችል ተወ፤ ይህ ከሚዛኑ ላይ መቀነስ አለበት። ዳሩ ግን የኋላውም አብሮ ይመዘን። በ1983፣ 32ኛ ዓመቱን በደፈነበት ዕለት፣ ያልተሸነፈውን ዴቪ ሙርን አሸንፎ ሦስተኛ ክብደት ላይ ነገሠ። በዚያው ዓመት፣ ከሃግለር ማዕረግ ፈላጊዎች ሁሉ እስከ 15ኛው ዙር መጨረሻ ቆሞ የተገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1989 ደግሞ ባርክሌይን አሸነፈ። ከ1968 እስከ 2001 ድረስ 119 ጊዜ ተጋጥሞ 103 ጊዜ ድል አድርጓል።

ስለዚህ እርስ በርስ በተደረገው ግጥሚያ መጨረሻ የወጣውን ሮቤርቶ ዱራንን አንደኛ እናደርገዋለን። ሌናርድን ሁለተኛ፣ ሃግለርን ከእርሱ እምብዛም ሳይርቅ ሦስተኛ፣ ሂርንስን አራተኛ እንላለን። ይህን ፍርድ ሊያፈርስ የሚፈልግ ሰው ዱራን አራት ጊዜ መሸነፉን ቢነግረን አይበቃም፤ ያንን ቈጥረነዋል። ማሳየት ያለበት፣ የሰው ችሎታ ሲለካ ክብደት ከቍጥር ውስጥ መግባት እንደሌለበት ነው። እርሱን ካስረዳን ሌናርድን አንደኛ ለማድረግ አንቃወምም።